የአይኤልትስ ልምምድ ከደብረ ብርሃን፦ የስህተት ደብተሬ

ጥቅምት 3

ዛሬ ተጀመረ። ውጭ አገር ለመማር የሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነው፣ አይኤልትስ። የድሮ ፈተና ፎቶ ኮፒ ይዤ፣ ስልኬ ላይ ሰዓት ሞልቼ ተቀመጥኩ። ሊስኒንግ (ማዳመጥ) ከ40 19። ሪዲንግ (ንባብ) ከ40 21። ባንድ የሚባለው የውጤት ደረጃ ነው፤ ባንድ 6 ለማምጣት በሁለቱም 23 አካባቢ፣ ባንድ 7 ለማምጣት 30 አካባቢ መመለስ ያስፈልጋል። እኔ 5.5 ላይ ነኝ ማለት ነው።

የማመለክትበት ዩኒቨርሲቲ የሚፈልገው በጠቅላላ 6.5 ነው። በየትኛውም ክፍል ደግሞ ከ6 በታች አይቀበልም።

ሥራዬ በግ ነው። የመንዝ በግ፣ አዋሲ ከሚባለው የውጭ ዝርያ ጋር የተዳቀለውም። ሁለተኛ ዲግሪዬን በእንስሳት ዝርያ ማሻሻል መማር እፈልጋለሁ። ኮሌጅ ስማር መጽሐፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለነበር እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ ነው የኖርኩት። 19ን ሳይ ግን ደብተሩን ዘግቼ ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

የፈተናው ክፍያ ከሁለት ወር ደመወዜ ይበልጣል። እንደገና መፈተን የሚባል ነገር እቅዴ ውስጥ የለም።

ጥቅምት 7

ደብተር፣ 60 ብር። ሁለት ዓምድ አሰመርኩበት። በግራ የሳትኩት፣ በቀኝ ለምን እንደሳትኩት።

ከሁለቱ ክፍሎች 40 ስህተት አለኝ። ጥፋቱ የቃላት እጥረት ነው ብዬ 3,000 ቃል ልሸመድድ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ቃሉን ባለማወቄ የሳትኩት 9 ብቻ ነው። ስፔሊንግ 6። መጨረሻ ላይ «ኤስ» በመርሳት 5። «ከሁለት ቃል አይበልጥ» እያለ ሦስት ቃል በመጻፍ 3። ሰዓት አልቆ ያልነካኋቸው 7። የቀሩት 10 አንድም አልሰማኋቸውም፣ አንድም ጥያቄውን በጥድፊያ ነው ያነበብኩት።

የኤሷ ነገር ገርሞኛል። በሰዋስው ፈተና ብትጠይቁኝ አልስትም። ግን አማርኛ ከቁጥር በኋላ ስም ማብዛትን ግድ አይልም። ገበያ ላይ «10 በግ ገዛሁ» ነው የሚባለው፤ «10 በጎች ገዛሁ» የሚል ነጋዴ አጋጥሞኝ አያውቅም። እጄ የሚጽፈው እንደ ገበያው ነው።

ስፔሊንጎቹን ወረቀት ላይ ጽፌ ከአልጋዬ በላይ ለጠፍኩ። አኮሞዴሽን፦ ሁለት ሲ፣ ሁለት ኤም። ፌብሩዋሪ፦ መሀል ላይ አር አለች። ጋቨርንመንት፦ የማትሰማዋን ኤን አትርሳ።

ጥቅምት 15

ዛሬ የተፈጠረው ካሳቀኝ ይልቅ አናዶኛል።

ሊስኒንግ ክፍል 1 ሁልጊዜ የዕለት ተዕለት ወሬ ነው። አንዱ ይደውላል፣ ሌላው ቅጽ ይሞላል። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ሰዓት። ቀላሉ ክፍል ነው፤ 10 ከ10 ማምጣት ያለብኝም እዚህ ነው። ሴትዮዋ በሩ የሚከፈተው «ሃፍ ፓስት ናይን» ነው አለች። ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ወረቀቴ ላይ ግን 3:30 ብዬ ጻፍኩ።

አልተሳሳትኩም እኮ! ተረጎምኩት እንጂ። ጆሮዬ ዘጠኝ ተኩል ሰማ፣ ጭንቅላቴ ሦስት ተኩል አለ፣ እጄም ጭንቅላቴን ታዘዘ። ወደ ኋላ ሄጄ የሠራኋቸውን ሳይ ይኸው ስህተት ሌላ ሁለት ቦታ አለ። ከሰማሁት ጋር 6 ሰዓት እየደመርኩ ወይም እየቀነስኩ።

የሞከርኩት መፍትሔ የስልኬንና የእጄን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ማድረግ ነው። ስልኬማ ድሮም እንደዚያ ነበር፤ እያየሁ በልቤ ነበር የምቀይረው። አሁን ከራሴ ጋር ሳወራ ሌላ ሰዓት የለም። «በቱዌልቭ ምሳ እበላለሁ» እያልኩ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ እየሳቁብኝ ነው፤ ይሳቁ።

ስልክ ቁጥርም እንደዚሁ። «ደብል ፋይቭ» ሲሉ 55 መሆኑን እስክገነዘብ የሚቀጥለው ቁጥር ያመልጣል። ይህ ግን በሦስት ቀን ተስተካከለ።

ጥቅምት 24

ዕቃ። ሽቦ ያለው ኤርፎን፣ 350 ብር። የመጀመሪያው በአራተኛው ቀን አንድ ጆሮው ስለሞተ በእውነቱ ዋጋው 700 ነው። ፎቶ ኮፒ እስካሁን 480 ብር። ፓወር ባንክ ከወንድሜ በውሰት። ኢንተርኔት የምገዛው የሌሊት ጥቅል ነው፤ ማታ አውርጄ ቀን እሰማለሁ። የማወርደው የቢቢሲን የእንግሊዝኛ ትምህርት ድምፆች ነው፤ ነፃ ናቸው።

የማጠናው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። (ለፈተናው ሲባል፦ በፋይቭ።) ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ወር ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው ደብረ ብርሃን ሳያድር አልቀረም። ባና ተከናንቤ፣ አንድ እጄን ብቻ አውጥቼ እጽፋለሁ። መብራት ከሄደ የስልክ ባትሪ።

አዲሱ የሊስኒንግ ዘዴዬ የቃል ጽሕፈት ነው፤ አንደኛ ደረጃ እያለን መምህር የሚያነበውን እንደምንጽፈው። የ1 ደቂቃ ድምፅ እየመለስኩ 10 ጊዜ እሰማና ያለውን ሁሉ ቃል በቃል እጽፋለሁ። ከዚያ ከጽሑፉ ጋር አስተያያለሁ። ያመለጡኝ ትልልቆቹ ቃላት አይደሉም። ትንንሾቹ ናቸው። «ኩድ ሃቭ ቢን» ብዬ ነው የተማርኩት፤ ሰዎቹ የሚሉት ግን «ኩደቭቢን» ነው፣ አንድ ትንፋሽ። ሦስቱንም ቃላት ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። እንዲህ ተጣብቀው ሲመጡ ግን በመንገድ አይቻቸው የማላውቅ ሰዎች ይመስላሉ።

1 ደቂቃ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ይፈጃል። አሰልቺ ነው። ከሞከርኳቸው ሁሉ የሠራልኝ ግን ይኸው ነው።

ኅዳር 3

ስፒኪንግ (ንግግር)። ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ከፈታኝ ጋር ፊት ለፊት። ክፍል 2 ላይ ካርድ ይሰጡሃል፣ 1 ደቂቃ ትዘጋጃለህ፣ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ብቻህን ትናገራለህ።

ራሴን ቀዳሁ። 48 ሰከንድ ላይ ወሬ አለቀብኝ። የቀረው «ኤኤኤ» ነው።

መልሼ ስሰማው ሌላ ነገር ያዘኝ። እኛ አገር «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስባለን አይደል? «ህእ» ብለን። እኔ ይህን ማድረጌን አላውቅም ነበር። ቅጂው ላይ ግን በየመሀሉ አለ፤ ሰው እባብ አይቶ የደነገጠ ነው የሚመስለው። የፈታኙ ማንነት አይታወቅም፤ ልማዱን የማያውቅ ከሆነ ውሃ ሊያመጣልኝ ይችላል። ደብተር ላይ ሰፈረ።

ሌላው የ«የስ» ነገር ነው። «አልመጣም እንዴ?» ስንባል «አዎ» ካልን አልመጣም ማለታችን ነው። በእነሱ ግን የስ ካልክ መጥቷል። አሉታዊ ጥያቄ ሲመጣ የስና ኖን ትቼ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመመለስ ወሰንኩ።

ኅዳር 5

አከራዬ ጠዋት በሩን አንኳኩ። «አንተ ልጅ፣ ሌሊት ሌሊት ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ለፈተና ነው እማማ። እንግሊዝኛ እየተለማመድኩ ነው።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። «እኔ ደግሞ እሑድ ጸበል ልወስድህ ለእህቴ ነግሬያት ነበር» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊት ድምፄ ሲቋረጥ «ተኛ እንዴ?» ይላሉ በግድግዳው በኩል። ከማንቂያ ደወል የተሻሉ ናቸው።

ኅዳር 18

ራይቲንግ (ጽሑፍ) ብቻዬን ማረም አልቻልኩም። ስህተቴን ባውቀው መጀመሪያስ ለምን እጽፈዋለሁ? ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ። ደወልኩላቸው። «ና፣ ይዘህ ና» አሉኝ።

ይዤ የሄድኩት ታስክ 2፣ ማለትም የራይቲንግ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ቢያንስ 250 ቃል፣ 40 ደቂቃ ያህል የሚሰጠው። ነጥቡ የታስክ 1ን እጥፍ ነው። ጥያቄው የግል መኪና መሀል ከተማ እንዳይገባ ይከልከል ወይስ አይከልከል የሚል ነበር። መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን አንቀጽ አነበቡ። ቀይ እስክሪብቶ አነሡ። ከሰባት መስመር አምስቱን ሰረዙ።

«ጥያቄው ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ መኪና፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የሰው ልጅ ከተፈጠረበት ዘመን ጀምሮ ምን አመጣው? አዳም መኪና ነበረው?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ቀጠሉ፦ «ይሄ እንግሊዝኛ አይደለም። ኮት የለበሰ አማርኛ ነው። እዚህ አገር ሰው ዘሎ ወደ ጉዳዩ አይገባም፤ ጤና ይጠይቃል፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል። እነሱ ግን በሁለት መስመር አቋምህን ይፈልጋሉ።»

ቀጥሎ እንደ ፈታኝ ሆነው ጠየቁኝ። ሥራህ ምንድን ነው? በሙሉ ልብ «አይ ወርክ ዊዝ ሺፕስ» አልኳቸው።

ጋሼ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። «ባሕር ኃይል ገባህ እንዴ?»

አንድ ቃል ላይ ሁለት ጥፋት። በግ በእንግሊዝኛ ቢበዛም ኤስ አይጨምርም። አንድ ወር ሙሉ ኤስ እንዳልረሳ ስታገል፣ ጭራሽ የማይገባት ቦታ ላይ ጨመርኳት። ድምፁ ደግሞ አጭር ስለሆነ የወጣው መርከብ ነው። በግና መርከብ በፊደላችን ሁለቱም «ሺፕ» ተብለው ነው የሚጻፉት፤ ልዩነታቸውን የማሳይበት ፊደል እንኳ የለኝም። የበጉ ከንፈር ወደ ጎን ተለጥጦ የሚረዝመው ነው። አምስት ዓመት በግ ሳረባ ኖሬ የበግን ስም መጥራት አቃተኝ።

ገንዘብ አልቀበልም ስላሉ ግማሽ ኪሎ ቡና ወሰድኩላቸው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ልሄድ ነው።

ኅዳር 26

ሪዲንግ። 3 ጽሑፍ፣ 40 ጥያቄ፣ 60 ደቂቃ። ለአንዱ 20 ደቂቃ ነው፤ እኔ ለመጀመሪያው 27 እሰጥና ሦስተኛውን እየሮጥኩ አያለሁ።

የሚያስቸግረኝ «እውነት፣ ሐሰት፣ አልተጠቀሰም» የሚለው ነው። ዛሬ የደረሰኝ ጽሑፍ በግ እንዴት ለማዳ እንደሆነ የሚያወራ ነው። እልል አልኩ። ከ6ቱ 2 ብቻ አገኘሁ! አንዱ ጥያቄ «በግ መጀመሪያ የረባው ለሱፉ ሳይሆን ለሥጋው ነው» ይላል። እውነት አልኩ፤ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። ጽሑፉ ግን ስለዚያ አንድም ቃል አላለም። መልሱ «አልተጠቀሰም» ነው። ስለማላውቀው የበረዶ ግግር ያነበብኩት ጽሑፍ ላይ 5 አግኝቼ ነበር።

አሁን መልስ ከመጻፌ በፊት ዓረፍተ ነገሩ ላይ ጣቴን አስቀምጣለሁ። ጣቴ የሚያርፍበት ካጣ «አልተጠቀሰም»።

ታኅሣሥ 4

ጉድ ፈላ። የምዝገባ ማረጋገጫ ኢሜይሉን ዛሬ በደንብ አነበብኩት። የተመዘገብኩት ለኮምፒውተር ፈተና ነው። ሁለት ወር ሙሉ በእርሳስና በላጲስ ነው የተለማመድኩት።

ለውጡ ትንሽ አይደለም። በወረቀት ሲሆን ሊስኒንግ ካለቀ በኋላ መልስ ለመገልበጥ 10 ደቂቃ አለ፤ በኮምፒውተር ለማየት 2 ደቂቃ ብቻ ነው። እኔ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ እየሞነጫጨርኩ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ማለት ለምጃለሁ። ጥሩው ነገር ራይቲንግ ላይ ቃላቱን ራሱ ይቆጥራል።

ማታ ቢሮ ቀርቼ የትየባ ፍጥነቴን ለካሁ። በሁለት ጣት፣ በደቂቃ 14 ቃል። 250 ቃል ለመተየብ ብቻ 18 ደቂቃ ሊሄድ ነው፤ ማሰቡ ሳይቆጠር። ስልክ ላይ አማርኛ ስጽፍ የሚቀድመኝ የለም። ኪቦርድ ላይ ግን ጤፍ የምለቅም ነው የምመስለው።

የቢሮው ኪቦርድ ኤን ቁልፉ ይነክሳል። አንዴ ተጭነኸው እምቢ ይላል፣ አንዴ ሦስት ይጽፋል። በስንት መከራ ጋቨርንመንት ላይ ያስታወስኳትን ኤን እኔ ብጽፋትም እሱ ይውጣታል። ቁልፉን ነቅዬ በጥጥና በአልኮል ጠረግኩት። ለሁለት ቀን ሠራ።

ታኅሣሥ 15

ትየባ በየቀኑ 30 ደቂቃ፣ በአሥር ጣት። የመጀመሪያው ሳምንት ፍጥነቴ ወደ 11 ወረደ፤ ልተወው ነበር። አሁን 19። የተበላሸ እስክሪብቶ የያዝኩ ያህል ነው የሚሰማኝ እንጂ እየሄደ ነው።

ታስክ 1ም ተጀምሯል። ግራፍ ወይም ሰንጠረዥ ወይም ካርታ ይሰጣል፣ ቢያንስ 150 ቃል፣ 20 ደቂቃ ያህል። ጋሼ «ምክንያት አትስጥ» ብለው ሦስቴ ጽፈውብኛል። የሥራ ሪፖርት ልማዴ ነው፤ ቁጥር ከወረደ ለምን እንደወረደ ካላስረዳሁ አለቃ ይጮኻል። እዚህ የሚፈለገው የሚታየውን መናገር ነው። መጀመሪያ አጠቃላይ መልኩ፣ ከዚያ ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች። በቃ።

ታኅሣሥ 24

ሙሉ ሞክ (የሙከራ) ፈተና፣ ቢሮ ውስጥ፣ ያለ እረፍት። ሊስኒንግ 28። ሪዲንግ 27። ኤስ በመርሳት የሳትኩት 1። ሰዓት በመቀየር 0።

ራይቲንግ ላይ ታስክ 1 26 ደቂቃ በላብኝ። ግራፉን ማሳመር እወዳለሁ፤ ችግሩ እሱ ነው። ደብተሩ ላይ «20 ላይ ቁም» ብዬ ከስሩ አሰመርኩ። ወደ ገና እየሄድን ስለሆነ ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ የለም።

ጥር 3

ከፈተናው አንድ ቀን ቀድሜ አዲስ አበባ ገባሁ፤ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን መንገድ አይታመንም። የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ቀጠሮው ላይ ያለውን ሰዓት ለእሷ አሳይቼ በአማርኛ እንድትነግረኝ አደረግሁ። ፓስፖርቴን ሦስቴ ኪሴ ውስጥ ዳሰስኩ።

ዛሬ ተፈተንኩ። ይዘቱን መጻፍ ስለማይፈቀድ አልጽፍም። ሄድፎኑ ከእኔ 350 ብር ኤርፎን ጋር አይወዳደርም፤ «ኩደቭቢን» ጥርት ብሎ ይሰማል። ኪቦርዱ ኤን ይጽፋል። ስፒኪንግ ላይ ስለ ሥራዬ ተጠየቅኩ፤ ከንፈሬን ወደ ጎን ለጥጬ በጉን በግ አልኩት። ትንፋሽ ወደ ውስጥ የሳብኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ሳል አስመሰልኩት።

ራይቲንግ ላይ ግን ያው። ታስክ 1ን ጨርሼ ቀና ስል 27 ደቂቃ ሄዷል። ታስክ 2ን በ33 ደቂቃ ጻፍኩ። መደምደሚያው አንድ መስመር ነው፣ እሱም አራት ነጥብ የለውም።

ጥር 9

ውጤት ወጣ። ሊስኒንግ 6.5፣ ሪዲንግ 6.5፣ ስፒኪንግ 6.5፣ ራይቲንግ 5.5። አማካዩ 6.25 ነው፤ አይኤልትስ 0.25ን ወደ ላይ ስለሚያጠጋጋ ጠቅላላው 6.5 ተባለ። የተፈለገው 6.5 ነበር። መጣ።

ከ6 በታች ያለ ክፍል ግን አይቀበሉም። ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩላቸው። በማግስቱ በሁለት መስመር መለሱ፤ ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ጤና እንኳ አልጠየቁም። እስከ የካቲት መጨረሻ አዲስ ውጤት ካመጣሁ ማመልከቻው ክፍት ነው።

ጥር 14

ለጥምቀት መንዝ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። የገባው 5.5 ሳይሆን ገንዘቡ ነው። ትንሽ አሰበና «ሁለቱን ሙክት እንሸጣቸዋለን» አለ። ለፋሲካ ያቆያቸው ነበር። አይሆንም አልኩ፤ አልሰማኝም፣ ገመድ ሊፈልግ ሄደ።

ጋሼ ውጤቱን አይተው «በል ግራፍህን ይዘህ ና» ነው ያሉት። አዲስ ደብተር፣ አሁን 70 ብር ሆኗል። አንድ ዓምድ ብቻ አለው፦ ታስክ 1 ስንት ደቂቃ ፈጀ። ስልኬ 18 ላይ እንዲጮህ ሞልቼዋለሁ፤ ሲጮህ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣለሁ፣ ዓረፍተ ነገሩ ባያልቅም።

ትናንት 24። ዛሬ 22። አከራዬ ስልኩ ሲጮህ በግድግዳው በኩል «ነጋ እንዴ?» አሉ።